በየክረምቱ ሁለት ሲኖትራክ አፈር

ሐምሌ ላይ በየሰፈራችን የሚወርደው ጎርፍ ቡናማ ነው። ቱቦ ይደፍናል፣ መኪና ያቆሽሻል፣ የልጆችን ጫማ ያበላሻል፤ እኛም ተማርረን እናልፈዋለን። ቡናማ ያደረገው አፈር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ የመጣ መሆኑን ግን ብዙም አናስብም። ለከተማ ሰው አፈር ለበረንዳ አበባ በጆንያ የሚገዛ፣ አለዚያም ከቤት የሚጠረግ ነገር ነው።

በዋግ ኽምራ ደግሞ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ከሰቆጣ በስተደቡብ የምትገኘውን ጋዝጊብላን እንውሰድ። የወረዳዋ ዋና ከተማ አስከተማ ትባላለች። አገሩ ተራራና ሸለቆ ነው። ሜዳ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙው ገበሬ የሚያርሰው ዳገት ነው፤ በዳገት ላይ ያለ አፈር ደግሞ ሁልጊዜም ለመሄድ የተነሣ እንግዳ ይመስላል።

ድንጋይ አፈር እስኪሆን

የዋግን ደጋ የሠራው ድንጋይ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ብርድ ያኮማትረዋል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ውሃው የያዘው ቀላል አሲድ ማዕድኑን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ ሣርና ቁጥቋጦ ሥር ይሰድበታል፣ ትላትልና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የረገፈውን ቅጠል አብስለው ከዱቄቱ ጋር ያዋሕዱታል። አንድ ሳንቲሜትር አፈር በዚህ መንገድ እስኪፈጠር ከመቶ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ንጉሥ ላሊበላ በጎረቤት ላስታ ከነገሠ 800 ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የተፈጠረው አዲስ አፈር በልጅዎ ማስመሪያ የሚለካ ነው።

በአገራችን በዚህ ጉዳይ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ናቸው። ወሎ ውስጥ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 በጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር መርሐ ግብር ሠርተዋል። የእርሳቸው ግምት በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ አንድ ሄክታር መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ታጥቦ ይሄዳል የሚል ነው። አማካይ ስለሆነ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ቢሆንም ቁጥሩን ወደምናውቀው ነገር እንመንዝረው፦ ወደ ሁለት ሲኖትራክ ጭነት ማለት ነው፣ ከአንድ ሄክታር፣ በየክረምቱ። በማሳው ላይ ሲታይ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ ግን አሥር ሳንቲሜትር ለመሄድ 30 ዓመት እንኳ አይሞላውም። ከእኔ ዕድሜ ያነሰ ጊዜ ነው።

ቢዝነስ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገረን ነገር አንዱ ከወለዱ እንጂ ከዋናው ገንዘብ አትብሉ የሚል ነው። የዳገት ገበሬ ከዋናው የሚበላው ወዶ አይደለም።

እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ጤፍን ማየት ይበቃል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ መለስለስ አለበት። በዋግ ዝናቡ ተጠራቅሞ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲህ መሬቱ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የለሰለሰበትና ራቁቱን የሆነበት ሰሞን፣ ዝናቡ ከሁሉ የበረታበት ሰሞን ነው። ትልልቅ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ያፈናጥረዋል፤ የተፈናጠረው ደቃቅ አፈር ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ውሃው መስረግ ያቅተውና ቁልቁል ይሮጣል። ሩጫው ቦይ ያበጃል፣ ቦዩ በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በዚህ ላይ እንጨት ስለጠፋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ ገለባውን ከብት ይበላዋል፤ ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር ትንሽ ነው። እንጀራ ስንቆርስ ይህ ትዝ አይለንም፤ ትዝ ይበለን ማለቴም አይደለም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ማን እንዲህ ያስባል?

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ዋግ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን ተሠርቷል። በደርግ ጊዜ ሥራው በስንዴና በዘይት ክፍያ ነበር፤ ትእዛዙም ከላይ የሚወርድ። መንግሥቱ ሊወድቅ ሲል በየቦታው ገበሬዎች እርከኖቹን አፈረሱ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ባላገሩ ጥቅሙን አላወቀም ይላል። እኔ አልስማማም። የድንጋይ እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ሊይዝ ይችላል። በድንጋዮቹ መሐል አይጥ ይራባል። ጥቅሙ ደግሞ ከእርከኑ ኋላ አፈር እስኪጠራቀም ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ግማሽ ሄክታር ይዞ ስድስት ሰው ለሚመግብ አባወራ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በየዓመቱ በሕዝብ ዘመቻ ይካሄዳል። እህሉ ከገባ በኋላ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ወንዱም ሴቱም ወጥቶ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይሸከማል። ከተራራው አናት ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፦ እርከን፣ ውሃ የሚያሰርግ ጉድጓድ፣ በቦረቦሩ ውስጥ ክትር። የተራቆተው ኮረብታ ከሰውና ከከብት ንክኪ ይከለላል። እንደ ዋግ ባለ ደረቅ አገር እርከኑ ከአፈሩ በፊት የሚይዘው እርጥበቱን ነው፤ ስለዚህ ዝናብ ቀድሞ በቋረጠበት ዓመት ልዩነቱ ቶሎ ይታያል። ያልተጠገነ እርከን ግን ከሌለው የባሰ ሊሆን ይችላል። ውሃ አጠራቅሞ በአንድ ቀዳዳ ሲለቅቀው አዲስ ቦረቦር ይወልዳል። ዘመቻ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ እያልን ስንቆጥር ስንቱ ተጠገነ ብንልም ደስ ይለኝ ነበር።

የዚህ ልፋት ፍሬ ታዲያ ጋዝጊብላ ብቻ አይቀርም። የዋግ ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ከላይ የሚታጠበው አፈር ደለል ሆኖ የሚተኛው በዚያ ነው። ደለል በሞላ ቁጥር ውሃ የሚይዘው ቦታ ይጠብባል። ዳገት ላይ ድንጋይ የሚደረድረው ሰው የእኛን መብራት ዕድሜ ያራዝማል፤ የመብራት ቢል ላይ ግን የእርሱ ድርሻ አልተጻፈም።

ማሩንም ይመልከቱ። የሰቆጣ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የምናቀርበው። የተከለለ ኮረብታ መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም አበባ ያበቅላል፤ ንብ የምትወደው መንተሴ የሚበቅለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። በማርኬቲንግ ሥራዬ ብዙ የምርት መለያ አይቻለሁ። ንጹሕ፣ ተፈጥሯዊ፣ የተጣራ የሚል ሞልቷል። ይህ ማር የተገኘበትን ተራራ ማን እንዳስከበረው የሚናገር አንድም አላጋጠመኝም፤ እንደ ነጋዴም የሚያስቆጭ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ይሸጣል።

የልጆቹ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የሰቆጣን ስም የያዘው በከንቱ አይደለም። ሆድ ስለመሙላት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ የሚበቅለው እህል የያዘው ዚንክና ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አፈሩ ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት እንጀራዎች ለልጅ እኩል ላይጠቅሙ ይችላሉ።

ልጆችዎ ዕረፍት ላይ ከሆኑ አንድ ነገር ይሞክሩ። የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን አፈር ይሙሉ፣ ውሃ ጨምረው ከድነው በደንብ ይነቅንቁትና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ቀጥሎ ደለሉ በሰዓታት። የላይኛው ውሃ በማግስቱም ድፍርስ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሸክላው ደቃቅ ክፍል ነው፣ የተክል ምግብ ከሚይዘው ዋናው እርሱ። በቦረቦር ውስጥ የተሠራ ክትር አሸዋውንና ደለሉን ያስቀራል፣ ይህንን ግን እምብዛም አይዘውም። ለዚህ ነው ሥራው ከተራራው አናት የሚጀመረው። ልጆቹ አይተው ሲጨርሱ ጠርሙሱን አበባው ሥር ይድፉት።