የሩቋ አስታማሚ

የስኳር ሕመም ከብዙዎቹ ደዌያት የሚለይበት ጠባዩ፣ ሐኪሙ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ብቻ አይቶት የቀረው መዓልትና ሌሊት ሁሉ በሕመምተኛው በራሱ እጅ መውደቁ ነው፤ ማዕዱን የሚመጥን፣ መርፌውን የሚወጋ፣ ጣቱን በስቶ ደሙን የሚለካ እርሱ ነውና። ስለዚህ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ያለውን ረዥም ጊዜ ማን አብሮት ይጠብቃል የሚለው ነገር ከመድኃኒቱ ምርጫ የማያንስ ጭንቅ ሆኖ ኖሯል።

ለዚህ መፍትሔ ከፈለጉት ሥራዎች መካከል በስፋቱ የሚጠቀሰው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መነሻነት ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኒውዮርክ የመራው፣ አይዲያቴል የተባለው ጥናት ነው። ሜዲኬር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን የሚታከሙ፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,665 ሕሙማን፣ ገሚሶቹ ከከተማይቱ ገሚሶቹ ሐኪም እንደ ልብ ከማይገኝበት ከሰሜኑ ገጠር ተመርጠው፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከሐኪሙ ጋር እንደ ቀድሞው ሲቀጥል፣ ሁለተኛው ግን ካሜራ፣ የስኳር መለኪያና የደም ግፊት መለኪያ የተገጠመለት፣ በተራ የቴሌፎን ሽቦ የሚሠራ መሣሪያ በየቤቱ ተተከለለት፤ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ አረጋውያን ነበሩ።

በመሣሪያው ማዶ ያለችው ነርስ በማእከሏ ተቀምጣ የሕመምተኛውን ልኬት አስቀድማ ታያለች፤ ከዚያም በተቀጠረው ሰዓት ፊት ለፊት ይተያያሉ። የጠዋቱ የስኳር ልክ ደጋግሞ ከ200 በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ የዚህ ምክንያቱ የማታው እራት መብዛት፣ የመርፌው መዘለል፣ ወይም መርፌው ዘወትር በአንድ ስፍራ ከመወጋቱ የተነሣ ከቆዳው ሥር የተቋጠረ፣ ኢንሱሊኑን እንደሚገባ የማያሳልፍ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም። ስለዚህ እንዲህ ያለችው ነርስ “እስቲ አባባ፣ የሚወጉበትን ቦታ ያሳዩኝ” ማለት ይገባታል። መድኃኒት ለመለወጥ ግን ሥልጣኑ የቤተሰቡ ሐኪም ስለ ነበረ፣ ምክሩ ወደ እርሱ ይተላለፍ ነበር።

ከሩቅ የማይደረግም አለ። የሕመምተኛው ስኳር ከ70 በታች ወርዶ ላብ ሲያጠምቀው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ነርሷ ስኳር በጥብጣ ልታጠጣው አትችልም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና እንዲለካ አስቀድማ ካላስተማረችው፣ ያ ሁሉ መሣሪያ ከንቱ ነው።

ውጤቱ የተመዘነው ኤዋንሲ በተባለው የደም ምርመራ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ስኳርም በላዩ እየተጣበቀ ስለሚከማች፣ ምርመራው የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ ይገልጻል፤ ለአንድ ቀን ጾም የሚታለል አይደለም። በአምስት ዓመት ውስጥ በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት 0.29 ከመቶ ነበር፤ የደም ግፊቱና የደም ስቡም እንደዚሁ ተሻሽሏል። ወጪው ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ8,000 ዶላር በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለዚህች መሻሻል እጅግ ውድ ነው ያሉት መርማሪዎች በእኔ ግምት አልተሳሳቱም። ዛሬ ያንን ሣጥን የሚተካው በየሰው ኪስ የሚገኝ ቴሌፎን ስለ ሆነ፣ የቀረው ሒሳብ የነርሷ ደመወዝና አንዲት ነርስ ስንት ሕሙማን ልትይዝ ትችላለች የሚለው ነው።