የይፋግን ትኩሳት የሚያውቅ ሰው ሠራሽ ታካሚ



የዛሬው ንግግሬ የጤና ተማሪዎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተቀረጸ ታካሚ ስለ ማሠልጠን ነው። ሐሳቡ ከዛሬው ቴክኖሎጂ ይቀድማል። በ1963 እ.ኤ.አ. የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንዲትን ጤነኛ ሴት የሕመም ታሪክ አስጠንቶ፣ እንደ ታካሚ ሆና በተማሪዎች እንድትመረመር አደረገ። ዛሬ ያንን ሚና የቋንቋ ሞዴል ሊወስደው ይችላል። የሕመሙ ታሪክ አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ ተማሪው ይጠይቃል፤ ሞዴሉ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ተማሪው ሳይጠይቅ ያለፈው ይነገረዋል። ተማሪው ማንንም ሳይጎዳ ደጋግሞ ይለማመዳል።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ታካሚ የየትኛውን አገር ሕመም ይዞ ይቀርባል የሚለው ነው። ለዚህ ከእኛው አካባቢ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ይፋግ የምትገኝበት ሊቦ ከምከም ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ረዥም ትኩሳት ባለው ሕመም ተመታ። ወባ በአካባቢው የታወቀ በመሆኑ፣ ሕመሙ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወሰደ። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንም በአዲስ ዘመን ሕክምና ጀመረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ከ2,400 በላይ ሰዎች ታመው 120 ያህሉ ሞተዋል። ካላዛር እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው እንደ ሁመራና መተማ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነበር። ወደ ደጋው ያመጡትም ለአጨዳ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ሰው የሚመረምር ተማሪ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፏል ወይ? ክብደት ቀንሷል? በግራ ጎን በኩል ሆድ አብጧል? ለሥራ ቆላ ተወርዷል? ሌሊት ከግራር ሥር ይታደራል? ታካሚው «ወባዬ ተነሣብኝ» ብሎ ይጀምራል እንጂ ሁመራ መክረሙን ካልተጠየቀ አይናገርም። በሌላ አገር ጽሑፍ ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ይህን ከራሱ አያመጣም። አንድን ሽማግሌ «አንተ» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪም ሙሉ መልስ አያገኝም፤ ሰው ሠራሹ ታካሚ ይህንንም ማስተማር አለበት።

ገደቡም መታወቅ ይኖርበታል። ያበጠ ጣፊያ በእጅ ተዳስሶ እንጂ በማያ ገጽ ላይ አይታወቅም። ሞዴሉ ያልተሰጠውን ምልክት ፈጥሮ ሊናገር ይችላል፤ አማርኛው ላይ ደግሞ የሠለጠነበት ጽሑፍ ጥቂት ነው። በመሆኑም ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሕመሙን ታሪክ በየጤና ጣቢያው የሠሩ ባለሙያዎች ይጻፉት፤ የእውነተኛ ታካሚ መዝገብ ግን አይግባበት። ሁለተኛ፣ መምህሩ የተማሪውንና የሞዴሉን ምልልስ አንብቦ ያርም። ሦስተኛ፣ ልምምዱ ተማሪውን ለአልጋ ዳር ትምህርት ያዘጋጀው እንጂ አይተካው።

በይፋግ ዙሪያ ያለፈው ትኩሳት ትክክለኛ ስሙን እስኪያገኝ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። የምንሠራው ታካሚ ተማሪዎቻችን «ለሥራ የት ወርደው ነበር?» ብለው መጠየቅን እንዲለምዱ ካደረገ፣ የሚወጣበት ድካም ሁሉ ይገባዋል።