ከሰማይ የሚታየው አየር፣ ከሰማይ የማይታየው ጭስ

በየቀኑ የዙህር ሶላት ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንድ ሳተላይት በ824 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ አገራችንን ያያል። ሴንቲኔል 5ፒ ይባላል። የአውሮፓውያን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2017 የመጠቀውም የምንተነፍሰውን አየር እንዲመረምር ነው።

ታዲያ ከዚያ ርቀት እንዴት ይመረምረዋል? የፀሐይ ብርሃን ምድርን ነክቶ ሲመለስ በአየር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይውጣል። ትሮፖሚ የተባለው የሳተላይቱ መሣሪያ የጎደለውን ብርሃን አይቶ የትኛው ጋዝ ምን ያህል እንዳለ ያሰላል። ከሌማቱ የጎደለውን እንጀራ ቆጥሮ ስንት ሰው እንደበላ እንደማወቅ ያለ ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ኤርትራ ውስጥ፣ ከአፋር ክልላችን ወሰን አጠገብ፣ ናብሮ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በመጀመሪያ የተወራው ዱቢ የተባለው ሌላ ተራራ እንደፈነዳ ነበር። ትክክለኛውን ቦታ የለዩት፣ የሰልፈር ዳይኦክሳይዱንም ደመና እስከ እስያ ድረስ የተከታተሉት በጊዜው የነበሩ ሳተላይቶች ናቸው።

ተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው «የቤታችንንስ ጭስ ያየዋል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤታችን ጭስ የሚነሣው ከሱብሂ በኋላ ለቁርስ፣ በመግሪብ ገደማ ለእራት፣ በረመዳን ደግሞ ገና ሳይነጋ ለሱሁር ነው። ሳተላይቱ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው። ያውም አንድ ጊዜ የሚያየው ትንሹ ቦታ 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ስንት ሰፈር በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ይቀርባል። የክረምት ደመና ሲሸፍነውም ከደመናው በታች ያለውን በደንብ አያይም። የኮሪያ ሳተላይት ከ2020፣ የአሜሪካ ደግሞ ከ2023 ወዲህ በየሰዓቱ የሚያዩት የእስያንና የሰሜን አሜሪካን አየር ነው፤ ወደ እኛ አልዞሩም። ቢዞሩም ጣሪያ አያሳልፋቸውም።

ከጣሪያው በታች ግን ልጇን ያዘለች እናት ጉልቻው ላይ ጎንበስ ብላ ኩበትና እንጨት ታነዳለች። ጭሱ ውስጥ ያለው ረቂቅ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ ያህል ያነሰ በመሆኑ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር። በእኛ አስተያየት ስለ ከተማ አየር ሲወራ የማጀቱ አየር የሚረሳው የማጀቱን ጭስ የሚተነፍሱት ሴቶችና ሕፃናት ስለሆኑ ነው። ማገዶ የሚቆጥበው «ምርጥ» ምድጃ፣ የጭስ ማውጫና ሰፊ መስኮት ከጌጥ ዕቃ ሊቀድሙ በተገባ ነበር።

ከሁሉም የሚከፋው ከሰል ነው። ጭስ ስለሌለው እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ትሮፖሚ ከሰማይ ከሚለካቸው ጋዞች አንዱ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከከሰሉ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተውና በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ሳይነቁ ቀርተዋል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካቅለሸለሻቸው ምክንያት ሳይፈልጉ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ከዚያም ወደ ሕክምና ይሂዱ።