ለሻደይ ሰቆጣ ለምትሄዱ፦ ከሻንጣው በፊት ሆዳችሁን አስቡ

ነሐሴ ሲገባ የሚላክልኝ ጥያቄ ይቀየራል። "ዶክተር፣ ለሻደይ ሰቆጣ ልሄድ ነው፣ ምን መድኃኒት ልያዝ?" የሚለው ይበዛል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው።

በዓሉን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ሻደይ በዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለቀናት የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። ስሙም ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ረጅም ለምለም ቅጠል የመጣ ነው። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ አምረው በቡድን በቡድን ከበሮ እየመቱ ይዞራሉ፤ በአማርኛም በኽምጣናም ይዘፍናሉ። ከበው ከዘፈኑላችሁ መስጠት ወግ ነውና ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ቪዲዮ መቅረጽ የፈለገ ደግሞ አስቀድሞ ይጠይቅ። ቀኑ የእነሱ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን።

አሁን ወደ ሙያዬ። የሪዮን ካርኒቫል በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። እዚያ ሰው የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚጨፍረው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ሻደይ ግን የሚጀምረው ጾም ሲፈታ ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ ብዙ ሰው በቀን አንዴ፣ እሱንም ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽሮና አትክልት ሲበላ ይሰነብታል። በ16 ደግሞ ዶሮው፣ ጥብሱ፣ ቅቤው፣ ጠላው በአንድ ቀን ይመጣል። ላያችሁ ላይ ደግሞ ጉዞው፣ ጭፈራውና እንቅልፍ ማጣቱ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ መገጣጠም ነው።

ሥጋ አትብሉ እያልኩ አይደለም፤ ኧረ እኔም እበላለሁ! ግን የመጀመሪያውን ቀን በትንሽ በትንሹ፣ ቅባቱን ቀነስ አድርጋችሁ ጀምሩ። የጨጓራ ሕመም ያለባችሁ በባዶ ሆድ ጠላና አረቄ አትጠጡ። የሐሞት ከረጢት ጠጠር እንዳለባችሁ የተነገራችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ከቅባት ምግብ በኋላ ከቀኝ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚጀምርና ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለው፣ "ጨጓራዬ ነው" ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ጋ ሂዱ። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ ክርክር አልገባም፤ ኮሶ የሚይዘው ከዚያ ነው፣ በቃ።

ከሁሉም በላይ ልትይዙልኝ የምፈልገው የስኳር ሕመምተኞችን ነገር ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚወስድ ሰው ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ፣ ቁርሱን በወጉ ሳይበላ፣ ከጭፈራው ጋር ሲዞር ውሎ፣ ላዩ ላይ ሁለት ብርጭቆ ጠላ ቢጨምር ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። አልኮል ራሱ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ያደርጋል። ሲወርድ ምን ይመስላል? ያልባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይያያዛል፣ ይደናገራል፣ ይቆጣል፣ ይወድቃል። በአጭሩ የሰከረ ሰው ይመስላል። ጠላ ጠላ ከሸተተማ ማን ይጠረጥራል? "ተዉት፣ ትንሽ ይተኛና ይለቀዋል" ይባላል። ያ እንቅልፍ ግን ላይነቃበት ይችላል።

ስለዚህ አብሮ የሚጓዝ አንድ ሰው እንኳ ስኳር እንዳለባችሁ ይወቅ። ምልክቱን ካያችሁና ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ለስላሳ (ስኳር አልባውን አይደለም)፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ማር ስጡት። ዋግ ላይ መቼም ማር አይጠፋም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙና፣ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ኢንሱሊናችሁን መኪናው ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አታድርጉት፤ እጃችሁ ላይ በሚሆነው ቦርሳ ይሁን። የደም ግፊት ኪኒንም ከሚያስፈልገው የሦስት አራት ቀን ትርፍ አድርጋችሁ ያዙ። ክረምት ነው፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ደኅንነት እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ።

ወደ ተቅማጥ ልሂድ። በክረምት ጎርፉ ወንዝና ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ነገር ይዞ ይገባል። የታሸገ፣ የፈላ ወይም በውኃ አጋር የታከመ ውኃ ጠጡ። ኦአርኤስ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ቦርሳችሁ ውስጥ ይግባ፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን አንብቡ (ብዙዎቹ ለ1 ሊትር ናቸው)። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ አብዛኛው የመንገደኛ ተቅማጥ በፈሳሽ ብቻ ይድናል። ደም ካለው፣ የሩዝ ውኃ መስሎ ያለማቋረጥ ከወረደ፣ ሽንት ከጠፋ ወይም ሕፃን ልጅ ከፈዘዘ ግን ነገ አትበሉ።

"ከፍታው አያመኝም ወይ?" ለምትሉ፦ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ከዚያ ስለምትበልጥ የአዲስ አበባ ሰው አይከብደውም። ከውጭ አገር ወይም ከቆላ የመጣችሁ ግን የመጀመሪያውን ቀን ረጋ በሉ። ፀሐዩን አትናቁት፤ ደመና ቢኖርም ጨረሩ ያልፋል። እናቶቻችን "ምች መታው" የሚሉት የከንፈር ቁስል ብዙ ጊዜ ሰውነት ውስጥ የተኛ ቫይረስ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ "ፀሐይ ላይ አትውጣ" ሲሉን ከነአካቴው አልተሳሳቱም። ባርኔጣ ወይም ነጠላ ጣል አድርጉ፤ ለዝናቡም ጃንጥላ።

የመጨረሻው ወባ ነው። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት። ነገር ግን በዓሉን ጨርሳችሁ ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ አበርገሌ ወይም ዝቋላ ቆላ የምትወርዱ ካላችሁ አጎበር ያዙ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ወባ ከተነከሳችሁ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን በፊት አይታይም። ስለዚህ ቤታችሁ ገብታችሁ፣ ሥራ ጀምራችሁ፣ ጉዞውን ከረሳችሁት በኋላ ሊሆን ይችላል ትኩሳቱ የሚመጣው። መስከረም ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትቆዩ። የደም ምርመራ አድርጉ፤ ለሐኪሙም ቆላ ወርጄ ነበር በሉት። ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።

መልካም ሻደይ!