ስለ አረንጓዴ ውኃ፤ ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ለሚያኖሩና ኵሬ ላላቸው ኹሉ

በየካ ወይም በእንጦጦ ግርጌ ዓሣን በመስተዋት ሣጥን ወይም በግቢ ኵሬ የሚያኖር ሰው፥ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ችግር ያገኘዋል። ትናንት ጥሩ የነበረው ውኃ ዛሬ እንደ ጎመን ቅቅል ውኃ አረንጓዴ ይኾናል፤ ዓሣዎቹም አይታዩም። ባለቤቱ ቆሽሿል ብሎ ውኃውን በሙሉ ይደፋል፤ ሌላም ይሞላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አረንጓዴው እንደ ገና ይመለሳል። ድካሙ ከንቱ የሚኾነው ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለሚደከም ነው፤ ይህን የምንጽፈውም ምክንያቱን ለመግለጥ ነው።

አረንጓዴው ነገር እድፍ አይደለም፤ እንደ ተክል በብርሃን የሚያድግ ሕይወት ነው። ስሙም አልጌ ይባላል። አንዱ ለብቻው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ስለ ኾነ በስፖንጅ ወይም በነጠላ ቢያጣሩት ዐብሮ ያልፋል። እንደ ማንኛውም ሰብል ብርሃንና ማዳበሪያ ይፈልጋል። ብርሃኑን በመስኮት የሚገባው ፀሐይና ሳይጠፋ የሚያድረው መብራት ይሰጡታል። የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ኾነ፥ በበጋ ሰማዩ ሲጠራ በዚህ አገር ፀሐዩ ብርቱ ነው። ማዳበሪያውን ግን የምንሰጠው እኛው ነን፤ ሳይበላ የቀረው መኖና ዓሣው የሚጥለው እድፍ በስብሶ ናይትሬትና ፎስፌት ይኾናልና። ገበሬ እርሻውን በፍግ እንደሚያለማ፥ መኖ የሚያበዛም ሰው ሳያውቀው አልጌን ያለማል።

አልጌ ቀን ቀን ለውኃው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ አረንጓዴነቱ እጅግ ሲበዛ፥ ጎሕ ሲቀድ ዓሣዎቹ ከውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያሉ። ውኃውን በሙሉ ደፍቶ ጠጠሩንና ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ ማጠብም ጉዳት አለው። የዓሣውን አሞኒያ የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በነዚያ ላይ ነውና፤ ክሎሪን ያጠፋቸዋል፤ ዓሣውንም ይጎዳል።

መድኃኒቱ ይህ ነው። አንደኛ፥ መኖ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት። ኹለተኛ፥ ሣጥኑን ከመስኮት ማራቅና መብራቱን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አለማብራት። ሦስተኛ፥ ሣጥኑን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ 3 ወይም 4 ቀን መሸፈን፤ በዚህ ጊዜ መኖ አይሰጥም፤ ጤነኛ የኾነ ያደገ ዓሣ ይህን ያህል ቢጾም አይጎዳም። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ስለሚጨርስ፥ አየር የሚነፋው መሣሪያ ሌሊትና ቀን ይሥራ። አራተኛ፥ ጨርቁ ሲነሣ ከውኃው ሩቡን ብቻ መለወጥ፤ አዲሱም ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ይደር። አምስተኛ፥ ማዳበሪያውን የሚሻሙ የውኃ ተክሎችን መትከል። አቅም ያለው ሰው ውኃው በአልትራቫዮሌት መብራት ፊት እንዲያልፍ ቢያደርግ አልጌው ይሞታል፤ መኖውን ካልቀነሰ ግን ሥሩ አልተነቀለም።

ለግቢ ኵሬ ጨርቅ አይበቃም። በመጀመሪያ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ፍግ ይዞ እንዳይገባ ከበላዩ ቦይ መቅደድ፤ የወደቀውንም የባሕር ዛፍ ቅጠል ሳይበሰብስ ማውጣት ይገባል። ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ ያልኾነ የገብስ ገለባ አለ። ገለባው በመረብ ከረጢት ኾኖ በካሬ ሜትር 50 ግራም ያህል ከውኃው ፊት ቢንሳፈፍ፥ በዝግታ ሲበሰብስ የአልጌን እድገት እንደሚገታ በእንግሊዝ አገር ተመርምሯል። ነገር ግን አዲሱን ይከለክላል እንጂ የበቀለውን አይገድልም፤ ውጤቱም በየስፍራው እኩል ስላልኾነ በርሱ ብቻ መታመን አይገባም።

አረንጓዴ ውኃ ኹሉ ግን ጠላት አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ መልኩን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባል ረቂቅ ፍጥረት ነው። ቆሮሶ የሚያረባም ሰው ዓሣው አልጌ ስለሚበላ ኵሬውን በልክ በፍግ አረንጓዴ ያደርጋል። እጁን እስከ ክርኑ አግብቶ ጣቶቹ ከጠፉበት ግን ልኩ አልፏል፤ ፍጉን ማቆም አለበት።

የሚያስፈራው ሌላው ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለውና እንደ ፈሰሰ ቀለም ሰፈፍ የሚሠራው። ከየካ በስተ ምሥራቅ ያለውና በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የተሠራው የለገዳዲ ግድብ አዲስ አበባን ከሚያጠጡት አንዱ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በዚያ ግድብ ውኃ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ዓይነትና ጉበትን የሚጎዳ መርዙን እንዳገኘ ገልጧል። ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። እንግዲህ በመስተዋት ሣጥን የሚሠራው ሕግ በትልቁ ግድብም ይሠራል፤ በሣጥኑ የተረፈው መኖ ያደረገውን፥ በግድቡ ከእርሻ ታጥቦ የወረደው አፈር፣ ፍግና ማዳበሪያ ያደርገዋል።

ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች፥ ከብት በሚጠጣበት ኵሬ አረንጓዴ ሰፈፍ ስታዩ ውኃውን በእጃችሁ ሳትነኩ በጠርሙስ ቀድታችሁ ሳይነካ አሳድሩት። አረንጓዴው ወደ ታች ከዘቀጠ ተራው አልጌ ሊኾን ይችላል፤ ወደ ላይ ከተንሳፈፈ ግን መርዘኛው እንዳይኾን ያሠጋል። ይህ ምልክት እንጂ ፍርድ ስላልኾነ ውኃው በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ ሰውም ከብትም እንዳይጠጣው ከልክሉ። ከግድብና ከኵሬ በላይ ያለው ዳገት እንዳይታረስ፥ ሣርና ዛፍም እንዲለብስ አድርጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ የአረንጓዴ ውኃ መድኃኒት ከውኃው ይልቅ ወደ ውኃው ከሚገባው ነገር ይጀመራል።