አረጋውያን የወገብ ሕመምተኞች ተሽሏቸዋል የምንለው በምን ለክተን ነው?

ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም የሚባለው ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ነው። በአረጋውያን ላይ ሲሆን ከሥራ፣ ከእንቅልፍና ከማኅበራዊ ሕይወት ያርቃል። ለመሆኑ ሕክምናው ለውጥ ማምጣቱን በምን እናውቃለን? የደም ግፊት ቢሆን በመሣሪያ ለክተን ቁጥሩን እናነብ ነበር። ሕመምን ግን ከሕመምተኛው በቀር የሚያውቀው የለም። በዚህ ጽሑፍ ሕመምተኛው ራሱ የሚመልሳቸውን መጠይቆች አሠራርና በአረጋውያን ላይ ስንጠቀምባቸው ልናስብባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማየት እንሞክራለን።

ራጅና ኤምአርአይ አይበቃም ወይ?

አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 33 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። የዲስክ መበላሸት የታየው በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ በ37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ዕድሜ ላይ ደግሞ በ96 በመቶዎቹ ነው። ስለዚህ በአንድ አዛውንት ፊልም ላይ የምናየው ለውጥ ብቻውን ሕመማቸውን አይነግረንም። መጠየቅ የግድ ነው።

ሁለቱ የታወቁ መጠይቆች

የመጀመሪያው ኦስዌስትሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ሲሆን ጄረሚ ፌርባንክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙት። 10 ክፍሎች አሉት፤ እነሱም የሕመም መጠን፣ ራስን መንከባከብ፣ ዕቃ ማንሳት፣ መራመድ፣ መቀመጥ፣ መቆም፣ እንቅልፍ፣ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ማኅበራዊ ሕይወትና ጉዞ ናቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል። ድምሩ ወደ መቶኛ ይቀየራል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ችግሩ የባሰ ነው።

ሁለተኛው ሮላንድና ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ነው። 24 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሕመምተኛው የዛሬ ሁኔታውን በሚገልጸው ላይ ብቻ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቶቹ ተቆጥረው ከ24 ይያዛሉ።

በምሳሌ እንየው

አንዲት የ72 ዓመት እናት ኦስዌስትሪን ሲመልሱ ስለ ግብረ ሥጋ የሚጠይቀውን ክፍል ዘለሉት እንበል። በቀሩት 9 ክፍሎች ድምራቸው 18 ከሆነ የምናካፍለው ለ50 ሳይሆን ለ45 ነው፤ ውጤቱ 40 በመቶ ይሆናል። ዝም ብለን ለ50 ብናካፍለው ግን 36 ይመጣል። ያለ ምንም ሕክምና በወረቀት ላይ አሻልናቸው ማለት ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ድምሩ 12 ቢሆን ወደ 27 በመቶ ግድም ይወርዳል። ይሄ ለውጥ ትርጉም አለው? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የባለሙያዎች ስምምነት ለኦስዌስትሪ 10 ነጥብ፣ ለሮላንድና ሞሪስ 5፣ ከ0 እስከ 10 ለሚለካው የሕመም መጠን ደግሞ 2 ነጥብ መቀነስን፣ ወይም ከመነሻው 30 በመቶ መሻሻልን እንደ መለኪያ አስቀምጧል። የእኚህ እናት 13 ነጥብ ቀንሷል፤ ስለዚህ ያልፋሉ። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች ለአረጋውያን ተብለው ለብቻ የወጡ አይደሉምና ከሰውየው ኑሮ ጋር እያገናዘብን ነው መጠቀም ያለብን።

ዜሮ ሁልጊዜ ዜሮ አይደለም

በሮላንድና ሞሪስ ምልክት ያልተደረገበት ዓረፍተ ነገር “ችግር የለም” ተብሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ቤታቸው ደረጃ የሌለው ሰው ስለ ደረጃ መውጣት ምን ይመልሱ? ገበያ መሄድ ትተው ልጃቸውን የሚልኩ እናትም ስለማይሞክሩት ችግሩ ላይታያቸው ይችላል። ነጥቡ ዝቅ አለ ማለት ተሻላቸው ማለት ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው ጠበበ ማለትም ሊሆን ይችላል። “ድሮ ያደርጉት የነበረና አሁን የተዉት ምንድን ነው?” ብሎ መጨመር ይጠቅማል።

“ተመስገን” ሲሉ

የእኛ አገር አዛውንት እንዴት ነዎት ሲባሉ “ተመስገን፣ ደህና ነኝ” ይላሉ። ገፋ አድርገን ብንጠይቅ “እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ” ይሉናል። ይሄ ሰላምታና ምስጋና እንጂ የሕመም ልክ አይደለም። “ደህና ናቸው” ብለን ካርዱ ላይ ከጻፍን ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ የሚያድሩ ሰው ያለ ሕክምና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የመጠይቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ “ደህና ነዎት?” ሳይሆን “ሳያርፉ ምን ያህል መንገድ ይሄዳሉ?” ብሎ ይጠይቃል።

ለልምምድ ስትወጡ እነዚህን ያዙ፦

- ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ ጥያቄውን ቀስ ብላችሁ፣ መልስ ሳትጠቁሙ አንብቡላቸው።
- ከ0 እስከ 10 የሚለው ካስቸገራቸው “የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከባድ” የሚሉ ቃላትን ተጠቀሙ።
- መልሱ የራሳቸው ይሁን። ልጅ ወይም አስታማሚ ሲመልስ የሚለካው የእሱ ግምት ነው።
- ከእንግሊዝኛው በቃል እየተረጎማችሁ አትጠይቁ። ዛሬ “ጀርባ” ነገ “ወገብ” ካላችሁ ሁለቱ ነጥቦች አይወዳደሩም።
- በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን ያው መጠይቅ፣ በተመሳሳይ አጠያየቅ ይሁን።

በአጠቃላይ መጠይቁ የሕመምተኛውን ቃል ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቃሉን በትክክል ካልተቀበልን ግን ቁጥሩም ትክክል አይሆንም።