የፈረስ ጋጣ አጠራረግ፤ በካምፓላ የትርፍ ሰዓት ሥራ ለሚይዙ ሰዎች

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የፈረስን ድርሻ ከጋላቢው ድርሻ ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ፈረሱ ለማድረስ እንዲበቃ፥ ያደረበትን ጋጣ ጠርጎ፥ ሰኮናው የሚቆምበትን መሬት አድርቆ የሚጠብቀው ሌላ ሰው አለ፤ ምሳሌው ግን አይጠራውም። በቀድሞው ዘመን የቤተ መንግሥት ፈረሶች አለቃ ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው፤ በአዲስ አበባም ይህን ስም የያዘ ሰፈር ይገኛል። ከባልደራሱ በታች ሆኖ ፋንድያ የሚዝቀው ሰው ግን ማዕረግ አልነበረውም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ይህ የተናቀ ሥራ በተለይ በካምፓላ ከተማ የፈረስን ሕይወት እንዴት እንደሚጠብቅ ማስረዳትና፥ በትርፍ ሰዓቱ ሊሠራው የሚፈልግ ሰው ራሱንም ፈረሱንም ሳይጎዳ የሚሠራበትን መንገድ መግለጥ ነው።

ስለ ካምፓላ የምንጽፍበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በኡጋንዳ ዋና ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖራቸው ነው፤ በተለይ ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች ይገኛሉ። ከዚያው አቅጣጫ ሳይርቅ በሙኞኞ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሚገኘው በስፔክ ሪዞርት፥ የፈረስ ግልቢያ ሥፍራ አለ። ሁለተኛው፥ በካምፓላ ፈረስን ማኖር በእኛ ደጋ ከማኖር ይልቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፥ በዚያ የሚደረገውን ጥንቃቄ የተማረ ሰው በማናቸውም አገር ሊጠቀምበት ስለሚችል ነው።

ፈረስ በካምፓላ ጋጣ የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው?

ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ያላት አገር ናት። በአዊ የአገው ፈረሰኞች በማኅበር ተደራጅተው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ያከብራሉ። በቡጋንዳ ግን ፈረስ ከጥንት ጀምሮ የኖረ እንስሳ አልነበረም። በዚያ የነበረችው የፀፀ ዝንብ የገንዲን በሽታ እያስተላለፈች ፈረስን ትገድል ነበርና። ይህችው ዝንብ በሐይቁ ዳር ለሰውም የእንቅልፍ በሽታን አስተላልፋ፥ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ከ200,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ከፀፀ ዝንብ ሌላ፥ በእኛም አገር የሚታወቅ ጠላት አለ፤ ይኸውም የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። በሽታው በንክኪ ከፈረስ ወደ ፈረስ አይተላለፍም፤ የሚያስተላልፉት ኩሊኮይድስ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነካሽ ትንኞች ናቸው። ሳንባን በሚይዝበት ጊዜ፥ በሽታውን ከማያውቁት ፈረሶች ከመቶው እስከ 90 የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል። ትንኞቹ በብዛት የሚነክሱት ፀሐይ ከምትጠልቅበት ጊዜ አንሥቶ እስክትወጣ ድረስ ነው። ስለዚህ ከክትባት ጋራ ዋናው መከላከያ፥ ፈረሱን ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ አስገብቶ፥ ማለዳ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ማውጣት ነው። ካምፓላ በምድር ወገብ አጠገብ ስለ ሆነች ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ፈረሱም ከዕድሜው እኩሌታውን በጋጣ ውስጥ ያሳልፋል ማለት ነው።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ፈረስ በቀን ከፋንድያና ከሽንት ወደ 23 ኪሎ ግራም ይጥላል፤ በዓመት ሲሰላ ከ8 ቶን ይበልጣል። ይህ ፋንድያ ከጋጣው አጠገብ ከጭቃ ጋራ ተደባልቆ ከተተወ፥ ከትንኞቹ መካከል አንዳንዶቹ ወገኖች እንቁላላቸውን የሚጥሉበት ርጥብና የበለጸገ አፈር ይሆናል። ፈረሱን ከትንኝ ለማዳን የተሠራው መጠለያ፥ ጠራጊ ካላገኘ፥ ራሱ የትንኝ ማደሪያ ሆነ ማለት ነው። ካምፓላ በዓመት ሁለት የዝናም ወራት፥ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ፥ ስላላት መሬቱ ራሱ ቶሎ አይደርቅም።

ያልተጠረገ ጋጣ የሚያመጣው ጉዳት

በሽንት ውስጥ ያለው ዩርያ በጥቃቅን ሕዋሳት ሲፈርስ አሞኒያ የሚባል ዓይንን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በወለሉ አጠገብ ስለሚበረታ፥ ቆሞ የሚገባ ሰው ሳይሸተው፥ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ድርቆሽ የሚበላውንና የሚተኛውን ፈረስ ሳንባውን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ጠራጊ ጋጣውን ቆሞ ብቻ ሳይሆን ተንበርክኮም ያሸትታል።

በርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ዘወትር የሚቆም ፈረስ ደግሞ ሰኮናው ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ምልክቱም ጥቁር ፈሳሽና ክፉ ሽታ ነው። የቤት ዝንብም በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ የምታድገው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ፋንድያው በየቀኑ ተወስዶ ክምሩ በአግባቡ ከተያዘ ዝንቧ እድገቷን ለመፈጸም ጊዜ አታገኝም።

የአጠራረጉ ሥርዓት

መሣሪያው መንሽ፥ አካፋ፥ ጠንካራ መጥረጊያና የእጅ ጋሪ ነው። የለመደ ሰው አንዱን ጋጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጨርሳል፤ ስለዚህ በማለዳ ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው ስድስት ጋጣ ያህል ሊያዳርስ ይችላል። በዚህ ነገር አገራችን የሄደ ሰው አይቸገርም፤ የሉጋንዳ ቋንቋ ተናጋሪዎችም ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉና።

አስቀድሞ ፈረሱን ከጋጣው ማውጣት ይሻላል። ማውጣት ካልተቻለ ድምፅ እያሰሙ ከፊት በግራ በኩል ቀርቦ ማሰር ይገባል፤ በኋላው በኩል ሳያውቅ መቅረብ ርግጫ ያመጣል። ከዚያም የውሃውንና የመኖውን ዕቃ አውጥቶ፥ በመጀመሪያ ፋንድያውን በመንሽ ማንሣት፤ ቀጥሎ በሽንት የራሰውን ጉዝጓዝ እስከ ወለሉ ድረስ መዛቅ፤ ደረቁን ጉዝጓዝ ወደ ግድግዳው መግፋት፤ ወለሉን ጠርጎ በሩን ከፍቶ ማናፈስ ነው። ወለሉ ከደረቀ በኋላ ደረቁን መልሶ አዲስ ጉዝጓዝ ይጨመርበታል፤ ፈረሱ ሲንከባለል እንዳይጎዳም በግድግዳው ሥር ከፍ ተደርጎ ይከመራል። ለጉዝጓዝ ገለባ ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሆናል፤ ሻጋታ ወይም አቧራ የበዛበት ግን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ቁም ነገር አለ። ፋንድያውን በየማለዳው የሚያየው ጠራጊው ብቻ ነው። ከትናንቱ ያነሰ ወይም እጅግ የደረቀ ፋንድያ፥ የተቈፈረ ጉዝጓዝ፥ ያልተነካ ድርቆሽ፥ እነዚህ ሁሉ የሆድ ቁርጠት እየመጣ መሆኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ። የሆድ ቁርጠት ፈረስን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፥ ጠራጊው ያየውን ሳይውል ሳያድር ለባለቤቱ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ቢናገር ብዙ ገንዘብ የሚያወጣውን እንስሳ ያድናል።

የሠራተኛው ጤናና ደመወዝ

መንጋጋ ቆልፍ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ሕዋስ በፈረስ አንጀትና በፋንድያ፥ በአፈርም ውስጥ ይገኛል፤ በትንሽ ቁስል ገብቶ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ባዶ እግር ሆኖ ወደ ጋጣ መግባት ፈጽሞ የተገባ አይደለም። ሥራውን ከመጀመር አስቀድሞ ክትባት መውሰድ፥ የጎማ ቦት ጫማና ጓንት ማድረግ፥ ቁስልን መሸፈን፥ ከሥራ በኋላም በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ስለ ደመወዝም አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1984 የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 6,000 ሽልንግ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይሻሻል ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርላማው ያሳለፈው አዲስ ሕግም የፕሬዚዳንቱን ፈቃድ ሳያገኝ ቀርቷል። እንግዲህ ሠራተኛው ሕጉ የሚጠብቅለት ዋጋ አለ ብሎ አይተማመን፤ የሚጠርገውን የጋጣ ቍጥር፥ የሥራውን ሰዓት፥ የሚከፈለውን ገንዘብና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ ስደተኛነቱ የታወቀለት ሰው ተቀጥሮ እንዲሠራ መብት ይሰጠዋል፤ ሌላው የውጭ አገር ሰው ግን የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ፋንድያው ሀብት ነው

የተዛቀው ፋንድያ መጣያ የሚፈለግለት ቆሻሻ አይደለም። በካምፓላ ዙሪያ ማቶኬ የሚባለው የሚቀቀለው ሙዝ በሰፊው ይተከላል፤ ሙዝም የተብላላ ፍግ የሚወድ ተክል ነው። ፋንድያው ከጋጣው ራቅ ብሎ ውሃ በማይተኛበት ሥፍራ ይከመር፤ ከዝናም ይሸፈን። የእንጨት ፍቅፋቂ የበዛበት እንደ ሆነ ለምለም ሣር ይቀላቀልበት፤ አለዚያ ቶሎ አይበሰብስም። በእጅ ሲጨመቅ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ርጥበት ያለው፥ ነገር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። ክምሩ በውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የትል እንቁላልንና የአረም ዘርን ይገድላል፤ ውጭው ወደ ውስጥ እንዲገባ ግን በየጊዜው ይገላበጥ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሽታ የሌለው ጥቁር ፍግ ይሆናል። ሠራተኛው ሲዋዋል ከፍጉ ድርሻ ቢጠይቅ ከደመወዙ በላይ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል።

በአገራችንም የጋሪ ፈረስ ያላችሁ የከተማ ሰዎች፥ ፈረስ የምታረቡ የደጋ ገበሬዎች፥ ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ። መንሽ፥ መጥረጊያና በየማለዳው ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የምትቀጥሩትንም ልጅ ቦት ጫማ ግዙለት፤ በፋንድያው ያየውንም ሲነግራችሁ አድምጡት።